ዋጋው የቀለሙ ነው ወይስ የወረቀቱ?

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 7 ቀን 2011 በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ ግዛት፣ ኸርሺ በምትባለው ከተማ በተካሄደ ሐራጅ አንዲት አሮጌ የፈረንሳይ አውቶሞቢል በ4.62 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። የሐራጅ ድርጅቱ አስቀድሞ የገመተላት ከ2 እስከ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ጨረታው በ500 ሺህ ዶላር ሲከፈት ሌላ ተጫራች ወዲያው 1 ሚሊዮን ብሎ እጥፍ አደረገው፤ ከዚያ በኋላ ግምቱን ያስታወሰ አልነበረም። መኪናዋ በ1884 የተሠራች፣ በእንፋሎት የምትሄድ፣ ታድሳ የተሰናዳች ስትሆን ለገበያ የቀረበችው «ዛሬም በራሷ ኃይል የምትንቀሳቀስ የዓለም አንጋፋ አውቶሞቢል» በሚል ነው። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚህ ዓይነት ዋጋ አንዴ ጋዜጣ ላይ ከወጣ መዘዙ ብዙ ነው። ጋራዡ ውስጥ የአያቱን መኪና ሸራ አልብሶ ያስቀመጠ ሁሉ ሚሊዮን መቁጠር ይጀምራል። ደላላውም «የፈረንሳይ ሥሪት፣ ከ1905 በፊት፣ ሙሉ በሙሉ የታደሰች» የሚል ማስታወቂያ ይዞ ብቅ ይላል። ገንዘቡን የት እንደሚያውለው የቸገረው ባለሀብት በተለይ በአውሮፓና በአሜሪካ የሚኖር ከሆነ ይህን ማስታወቂያ አንድ ቀን ማየቱ አይቀርም። ታዲያ ከነዚህ ቃላት ውስጥ ሻጩ ከሁሉ አስበልጦ የሚጮኽለት «የታደሰች» የሚለው ነው። ገንዘብ በማምጣት በኩል ግን ከሁሉ ደካማው ቃል እርሱ ነው።

የኸርሺዋ መኪና ላ ማርኪዝ ትባላለች። ስሙ የወጣላት በመጀመሪያው ባለቤቷ በኮንት አልቤር ደ ዲዮን እናት ነው። ኮንቱ ገንዘብና ጊዜ የተረፈው የፓሪስ መኳንንት ነበር። በ1881 ለግብዣ የሚሆን ስጦታ ሊገዛ ወደ አንድ ሱቅ ጎራ ሲል በእንፋሎት የምትሠራ ትንሽ መጫወቻ ያያል። ማን እንደሠራት ቢጠይቅ መጫወቻ እየሠሩ የሚተዳደሩ ሁለት ሰዎች፣ ጆርጅ ቡቶንና የጋብቻ ዘመዱ ሻርል ትሬፓርዱ መሆናቸው ተነገረው። ካፒታል ያለው ሰው እጀ ብልህ ባለሙያዎችን አገኘ ማለት ነው። በ1883 ሦስቱ ሽርክና መሠረቱ፤ በዓመቱ ላ ማርኪዝ ተወለደች።

ክብደቷ 950 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ርዝመቷ ከ3 ሜትር በታች ነው። አራት ሰዎች ጀርባ ለጀርባ ይቀመጡባታል። ጎማዎቿ ካላማዳሪ የሌላቸው ድፍን ጎማዎች ናቸው። ቦይለሯ ከፊት ሲሆን በከሰልም በእንጨትም ይነድዳል። እንፋሎት እስኪጠራቀም ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ መጠበቅ ግድ ነው፤ አንድ ጊዜ የተሞላ ውኃም 32 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚያስኬዳት። ቢሆንም በሰዓት እስከ 60 ኪሎ ሜትር ትሮጣለች። በ1887 አንድ የፓሪስ የብስክሌት መጽሔት ውድድር ባዘጋጀ ጊዜ መነሻው ላይ የተገኘችው እርሷ ብቻ ነበረች። ያለ ተፎካካሪ የተሮጠው ያ ሩጫ ዛሬ በሐራጅ ካታሎግ ላይ «የዓለም የመጀመሪያው የአውቶሞቢል ውድድር» ሆኖ ይቀርባል። ሻጭ ከታሪክ ምን እንደሚያወጣ የሚያውቅ ነጋዴ በዚህ አይደነቅም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ላ ማርኪዝ በ2011 ከመሸጧ በፊት በ2007 ዓ.ም. ኦገስት ላይ በካሊፎርኒያ፣ ፔብል ቢች በተደረገ ሐራጅ በ3.52 ሚሊዮን ዶላር ተሸጣ ነበር። የገዛት ስመ ጥሩ የቴክሳስ ጠበቃ ጆን ኦክዊን ነው። ሰውየው በመቶ የሚቆጠሩ አሮጌ መኪኖችን ሰብስቦ በ2009 በመኪና አደጋ ሞተ፤ የ2011ዱ ሽያጭም የውርስ ንብረቱ ሽያጭ ነበር። ጋዜጦች ሁለቱን ዋጋዎች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠው «በአራት ዓመት 1.1 ሚሊዮን ዶላር ትርፍ» ቢሉ አይፈረድባቸውም። 31 ከመቶ ዕድገት ነው፤ ለዚያውም የ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ ባለፈበት ዘመን።

ነገር ግን በሐራጅ የሚታወጀው ዋጋ ገዢው የከፈለው እንጂ ሻጩ የወሰደው አይደለም። በሁለቱም ሽያጮች ገዢው መዶሻው በወደቀበት ዋጋ ላይ 10 ከመቶ ለሐራጅ ድርጅቱ ጨምሮ ከፍሏል። ስለዚህ በ2011 መዶሻው የወደቀው 4.2 ሚሊዮን ዶላር ላይ ነው። ወራሾቹ ለድርጅቱ ምንም ኮሚሽን አልከፈሉም ብንል እንኳ 3.52 ሚሊዮን የወጣባት መኪና 4.2 ሚሊዮን አስገባች ማለት ነው፤ ልዩነቱ 680 ሺህ ዶላር ይሆናል። ይህ ከአራት ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ሲከፋፈል በዓመት 4 ከመቶ ጥቂት አለፍ ይላል። ከዚህ ላይ ኢንሹራንስ፣ መጋዘን፣ ማጓጓዣና የባለሙያ ደሞዝ ገና አልተነሣም። ሕንፃ ኪራይ ያስገባል፤ አክሲዮን ትርፍ ይከፍላል። ላ ማርኪዝ ግን የምታስገባው ምንም ነገር ሳይኖር ከሰል ትበላለች።

ልብ መባል ያለበት ደግሞ ይህ የገበያው ቁንጮ መሆኑ ነው። በዓይነቷ ምትክ የሌላት መኪና፣ ሁለት ጊዜም በትልልቅ ሐራጆች ብዙ ገንዘብ ባላቸው ሰዎች ፊት ቀርባ፣ ለባለቤቷ ያስገኘችው ይህን ነው። የመንደሩ ደላላ ይዞ የሚመጣውን የታደሰች መኪና ከእርሷ ጋር ማወዳደር የመርካቶን መደብር ከገጠር ኪዮስክ ጋር እንደማወዳደር ነው።

ለመሆኑ ላ ማርኪዝን ለ4 ሚሊዮን ያበቃት ምንድን ነው? ቀለሟ አይደለም። በ1906 የገዛት አንድ የፈረንሳይ ጦር መኮንን ነበር፤ በቤተሰቡ እጅ 81 ዓመት ቆየች። ከዚያ ቤተሰብ የወጣችው በ1987 ሲሆን ወደ እንግሊዝ ተሻግራ በዚያ ታደሰች። በ2011 ሐራጅ ላይ ስትቀርብ በ127 ዓመት ዕድሜዋ የነበሯት ባለቤቶች አራት ብቻ ናቸው። በአዲስ አበባ አነጋገር ሊብሬዋ ንጹሕ ነው ማለት ነው፤ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈች የሚያጠራጥር ቦታ የለም። መኪናዋ ያቺው መኪና ናት። ይህን ማረጋገጥ የሚችል አሮጌ መኪና በዓለም ላይ ጥቂት ነው፤ ገንዘቡም የሚከፈለው ለዚህ ማረጋገጫ ነው።

የዚህ ማረጋገጫ ክብደት የሚታወቀው ወደ ብዙኃኑ መኪኖች ሲወረድ ነው። ደ ዲዮንና ቡቶን በእንፋሎት ላይ አልቆዩም። በ1890ዎቹ ወደ ቤንዚን ሞተር ሲዞሩ እንፋሎትን የሙጥኝ ያለው ትሬፓርዱ በ1894 ሽርክናውን ጥሎ ወጣ። ከ1895 ጀምሮ የሠሯት ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ትንሽ፣ ቀላልና በደቂቃ ከ1,500 ዙር በላይ የምትሽከረከር ነበረች፤ ለዘመኑ ይህ ተአምር ነው። በ1900 ድርጅቱ 400 መኪኖችና 3,200 ሞተሮች ሠርቶ የዓለም ትልቁ የአውቶሞቢል ፋብሪካ ነበር። ቁጥሮቹን አስተያይቶ የሚያነብ ነጋዴ ነገሩ ይገባዋል። ደ ዲዮን ቡቶን ከመኪናው ይበልጥ ሞተር ሻጭ ነበር። ከመቶ በላይ የሚሆኑ ሌሎች ሠሪዎች ሞተሩን እየገዙ ወይም በፈቃድ እየሠሩ የየራሳቸውን መኪና ገጣጠሙ። ሉዊ ሬኖ እንኳ በ1898 የመጀመሪያዋን መኪናውን ሲሠራ የገጠመባት የደ ዲዮን ሞተር ነው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ በየቦታው ስለተበተነ ኦርጅናል የደ ዲዮን ሞተር ማግኘት ያን ያህል አይከብድም። ከአንዱ መጋዘን ሞተር፣ ከሌላው የባሌስትራና የካምቢዮ ቁርጥራጭ ይገኛል። ሻንሲው አዲስ ይቀጠቀጣል፤ አካሉ ከድሮ ፎቶግራፍ ተገልብጦ በጎበዝ አናጢ ይሠራል። ናሱ ሲወለወል፣ ቆዳው ሲወጠር አምራ ትወጣለች። ይህች ነገር መኪና መሆኗ አያጠያይቅም፤ ትሄዳለችም። ጥያቄው የ1902 መኪና ናት ወይስ የ1902 ሞተር የተገጠመላት አዲስ መኪና የሚለው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ሰፊ ሲሆን ልዩነቱን የሚሸፍነው ደግሞ «የታደሰች» የሚለው ቃል ነው። እድሳት የሚባለው የት አብቅቶ አዲስ ሥራ የት እንደሚጀምር ማስታወቂያው አይናገርም።

ዓመቱ ራሱ ገንዘብ ነው። በየዓመቱ በኖቬምበር መጀመሪያ ከለንደን ሃይድ ፓርክ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳርቻዋ ብራይተን የሚሄድ የጥንታዊ መኪኖች ጉዞ አለ፤ ርቀቱ 100 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። የሚዘከርበት ነገር የ1896ቱ ሕግ ነው፤ በዚያ ዓመት የእንግሊዝ መንግሥት የመኪኖችን የፍጥነት ወሰን በሰዓት ወደ 14 ማይል ከፍ አደረገላቸው። በዚህ ጉዞ ለመሳተፍ መኪናው ከ1905 ጃንዋሪ 1 በፊት የተሠራ መሆን አለበት። ታዲያ በ1904 ዲሴምበር የተሠራችና በሁለት ወር ዘግይታ የተወለደች እኅቷ በቴክኒክ አንድ ሆነው ሳለ በገበያው ግን የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። አንዷ የብራይተን መግቢያ ካርድ አላት፤ ሌላዋ የላትም። መኪናዎችን መርምሮ ዕድሜያቸውን የሚመሰክረው በ1930 የተቋቋመው የእንግሊዝ ጥንታዊ መኪኖች ክበብ ነው። የክበቡ ወረቀት የሌላት «የ1904» መኪና ዋጋዋ በሻጩ ቃል ላይ የተንጠለጠለ ነው። ወረቀትም ቢኖር መቼ እንደተሰጠ መታየት ይኖርበታል፤ አዲስ ማስረጃ ሲገኝ ዓመት ይለወጣልና።

እዚህ ላይ ተቃዋሚ የሚያነሣት አንዲት መኪና አለች፤ ጄኔቪቭ። በ1953 በወጣው የእንግሊዝ አስቂኝ ፊልም ላይ በዚሁ የብራይተን ጉዞ የተወነችው የፈረንሳይ ዳራክ ናት። የተገኘችው ከሁለት ጎዶሎ ዳራኮች ቅሪት ተገጣጥማ ነው። እንዲያም ሆኖ ዓለም ያውቃታል፤ ዛሬ በኔዘርላንድ ሄግ ከተማ በሚገኘው የሎውማን ሙዚየም ተከብራ ቆማለች። «እንግዲህ ተገጣጥማ የተሠራችም ክብር አላት» ይላል ሻጭ። እውነት ነው፤ ግን ለጄኔቪቭ የሚከፈለው ለፊልሟ ነው። ፊልም ያልሠራች ተገጣጣሚ መኪና ይህን ክርክር ልትጠቀምበት አትችልም።

ለእድሳት የሚሟገቱ ሰዎች ሌላም ነጥብ አላቸው፤ ይህኛው ጠንከር ይላል። ላ ማርኪዝ ራሷ ባትታደስ ኖሮ የቆመ ብረት ነበረች፤ «በራሷ የምትንቀሳቀስ» የሚለው የማስታወቂያዋ እምብርት የመጣው ከእድሳቱ ነው። ልክ ነው። ሆኖም በመጀመሪያ ደረጃ ሊታደስ የሚገባው ነገር መኖር ነበረበት፤ በወጉ የተያዘ፣ የታወቀ፣ ሙሉ የሆነ። ባለሙያው የሚከፈለው በሰዓት ነው፤ ለአንዲት ትንሽ ባለ አንድ ሲሊንደር መኪናም ለትልቋም የናስ ሥራው፣ የእንጨት ሥራው፣ አንድ ቁራጭ ብቻ የሚወጣበት የብረት ቀረጻው ያው ነው። ስለዚህ መካከለኛ ዋጋ ባላት መኪና ላይ የእድሳቱ ደረሰኝ ከመኪናዋ የገበያ ዋጋ በቀላሉ ይበልጣል። ሻጩ «ይህን ያህል አወጣሁባት» ብሎ ደረሰኝ ሲዘረግፍ ያስረዳው የራሱን ኪሳራ ነው። ገዢው ያን ኪሳራ የመሸፈን ግዴታ የለበትም።

ከዚህም አልፎ ገበያው አንዳንዴ ያልታደሰውን ያስበልጣል። በ2009 ከጣሊያንና ስዊዘርላንድ ድንበር ላይ ካለው ከማጆሬ ሐይቅ አንዲት የ1925 ቡጋቲ ብሬሺያ ወጣች። ሥሪቷ ከላ ማርኪዝ ዘመን ብዙ የራቀ ቢሆንም ለዚህ ጉዳይ ከእርሷ የተሻለ ምስክር የለም። አሥርተ ዓመታት በውኃ ውስጥ የተቀመጠች፣ ግማሽ ጎኗ በዝገት የተበላ ነበረች። በ2010 ጃንዋሪ ፓሪስ ላይ በ260,500 ዩሮ ተሸጠች። የገዛት የካሊፎርኒያው ሙለን ሙዚየም አላደሳትም፤ ሙዚየሙ በ2024 እስኪዘጋ ድረስ ከነዝገቷ ነበር ለሕዝብ የሚያሳያት። ይህን የሰማ የጋራዥ ሰው «ፈረንጅ አብዷል» ሊል ይችላል። ገዢዎቹ ግን የከፈሉት ዳግመኛ ሊሠራ ለማይችል ነገር ነው። ቀለም በማንኛውም ጊዜ ሊቀባ ይችላል፤ የተፋቀ የፋብሪካ ቀለም ግን አይመለስም። አንድ ግድየለሽ እድሳት የመኪናዋን ማስረጃ አጥቦ ሊጥለው ይችላል፤ ቁጥር የተመታበት ላሜራ ይፋቃል፣ የፋብሪካ ምልክት ያለበት እንጨት ለማገዶ ይሄዳል። ሻጩ አሳመርኳት ሲል ዋጋዋን ቀንሶ ሊሆን ይችላል።

የገዢው ብዛትም ሊታሰብ ይገባል። በከሰል ለምትነሣ ወይም በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለምትሄድ መኪና የሚጓጓው ሰው ቁጥር ትንሽ ነው፤ አብዛኛውም ዕድሜው የገፋ ነው። ወጣቱ ሀብታም የሚፈልገው በልጅነቱ ግድግዳው ላይ ፎቶዋን የለጠፈላትን የሩጫ መኪና ነው። ላ ማርኪዝን የሚያህል ዕቃ ምንጊዜም ሙዚየም ወይም ቢሊየነር አያጣም። መካከለኛዋ ደ ዲዮን ወይም ዳራክ ግን ሊሸጧት ሲያስቡ ጥሩ ሐራጅ እስኪመጣ ወራት ታስጠብቃለች፤ ገንዘቡ ዛሬ ያስፈልገኛል ለሚል ነጋዴ አትሆንም።

ድንበር መሻገርም ዋጋ አለው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከ75 ዓመት በላይ የሆነውና ከ50,000 ዩሮ በላይ የሚያወጣ ተሽከርካሪ እንደ ባህል ቅርስ ስለሚቆጠር ከኅብረቱ ለማስወጣት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፓሪስ ላይ ከፍሎ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ሊያወርዳት ያሰበ ገዢ ፈቃዱ በማን ወጪና በማን ኃላፊነት እንደሚወጣ ውሉ ላይ ማስፈር አለበት። ወደ አዲስ አበባ ስለማስገባት ማውራቱ ለጊዜው ፋይዳ የለውም፤ መንግሥት በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ማገዱ ይታወቃል። ቦይለሯ በእንጨት ስለሚነድ እገዳው አይመለከታትም ብሎ ጉምሩክን ሊያሳምን የሚችል ካለ ይሞክረው።

ስለዚህ ማስታወቂያው እጁ የገባ ሰው ስለ ቀለሙ ከመጠየቁ በፊት ከመታደሷ በፊት የተነሣችውን ፎቶግራፍ ይጠይቅ። መኪናዋ በምን ሁኔታ እንደተገኘች፣ የትኛው ሻንሲ፣ የትኛው ሞተር፣ የትኛው እንጨት ጥንታዊ እንደሆነ፣ የትኛው አዲስ እንደተሠራ የሚዘረዝር የባለሙያ ጽሑፍ ይቅረብለት። የባለቤቶቹ ስም ዝርዝር ከመጀመሪያው እስከ አሁኑ ይታይ፤ መካከሉ ላይ ሠላሳ ዓመት ከጎደለ ጉድለቱ ከዋጋው ይቀነስ። የእንግሊዙ ክበብ ወረቀት ካለ ከራሱ ከክበቡ ይጣራ። ኮሚሽኑን ከሻጭም ከገዢም የሚወስድ ደላላ ይህን ሁሉ «በኋላ ይደርሳል» ካለ ቀብዱም በኋላ ይድረሰው።